ኮዱን ላክልኝ ያለኝ ጓደኛዬ አልነበረም



ባለፈው ሴሚስተር በፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ሳጠና ከአንድ አብሮ አደጌ መልእክት ደረሰኝ። «ባለ 6 አሃዝ ኮድ በስህተት ወደ አንተ ስልክ ልኬ ነበር፤ እባክህ ቶሎ ላክልኝ» ይላል። ሳላስብ ላክሁለት። ወዲያው ከራሴ አካውንት ወጣሁ፤ ተመልሼ መግባትም አቃተኝ። በዚያው ማታ ዱባይ የምትሠራው አክስቴ በእኔ ስምና ፎቶ «ተቸግሬአለሁ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» የሚል መልእክት ደረሳት፤ የአንድ ወር ደሞዟን ላከች። ገንዘቡ አልተመለሰም። ለካ የአብሮ አደጌም አካውንት ከእኔ በፊት በዚሁ መንገድ ተሰርቆ ኖሯል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የቤተ መጻሕፍቱን ዋይፋይ ነበር። ጥርጣሬው መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤሪክ በትለር የተባለ ፕሮግራመር ፋየርሺፕ የሚባል መሣሪያ ይፋ አድርጎ፣ ክፍት ዋይፋይ ያለበት ካፌ የተቀመጠ ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው ፌስቡክ መክፈት እንደሚችል አሳየ። ያን ጊዜ ብዙ ድረ ገጾች የሚመሰጥሩት የይለፍ ቃሉ የሚገባበትን ገጽ ብቻ ነበርና። ፌስቡክ በ2013 ግንኙነቱን ሁሉ ለሁሉም ተጠቃሚ መመስጠር ጀመረ። ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች እንዲሁ ስለሚያደርጉ፣ ለሌባው አየር ላይ ከማድባት ይልቅ ቁልፉን ከእኛው እጅ መለመን ይቀለዋል።

ቁልፉ ያ ኮድ ነው። አንድ ሰው በስልክ ቁጥራችሁ አካውንታችሁን በሌላ ስልክ ሊከፍት ሲሞክር ኮዱ ወደ እናንተ ይላካል። ስለዚህ ሳትጠይቁ ኮድ ከመጣ፣ በር ላይ የቆመ ሰው አለ ማለት ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንባችሁ፣ ዛሬውኑ እነዚህን አድርጉ፦

1. በዋትስአፕና በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቱ። ከዚያ በኋላ ኮዱ ብቻውን አያስገባም፤ እናንተ ያወጣችሁት ምስጢር ቁጥር ወይም የይለፍ ቃልም ይጠየቃል።

2. ኮድ ለማንም አትስጡ፤ ለእናታችሁም ቢሆን።

3. ለኢሜላችሁ ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት የይለፍ ቃል ይኑራችሁ። ኢሜሉ ከተያዘ ሌሎቹን በእሱ መቀየር ይቻላል።

4. የካፌ ወይም የኤርፖርት ዋይፋይ ስም ማንም አስመስሎ ሊከፍት ይችላል። እዚያ ሆናችሁ የባንክ ሥራ ካላችሁ የስልካችሁን ዳታ ተጠቀሙ።

5. የቤታችሁ ዋይፋይ ከፋብሪካ የመጣበትን የይለፍ ቃል ቀይሩ።

6. ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ።

ይህን ለራሳችሁ ስትጨርሱ፣ ለወላጆቻችሁና በዐረብ አገር ላሉ ዘመዶቻችሁም በስልክ እየመራችሁ አስደርጓቸው። አክስቴ አሁን «እንደምን አደርሽ» ብዬ ብጽፍላት እንኳ «መጀመሪያ ድምፅህን አሰማኝ» ትለኛለች። ልክ ናት።