የአሮጌ መኪና ፍሬንና የፓስካል ሕግ

እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር የተመረተችውን ኤምጂቢ የተባለች የስፖርት መኪና ዛሬም በርካታ ባለቤቶች በመኖሪያ ግቢያቸው ይጠግኗታል። ከጥገናዎቹ መካከል ከፍተኛ ጥንቃቄ ከሚሹት አንዱ ያረጁ የፍሬን ቱቦዎችን መለወጥ ነው። ለምን ይሆን?

ፔዳሉን ስንረግጥ በታመቀው ፈሳሽ ላይ የምናሳድረው ግፊት፣ በፓስካል ሕግ መሠረት፣ ሳይቀንስ ወደ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ይደርሳል። በቀደምቶቹ ኤምጂቢዎች ግን አራቱም ፍሬኖች የሚመገቡት ከአንድ መስመር ነው። ስለዚህ አንዲት ቀዳዳ ሁሉንም ከጥቅም ውጪ ልታደርግ ትችላለች።

የቀድሞዎቹ ቱቦዎች ከአረብ ብረት የተሠሩ በመሆናቸው ውሃና ጨው ከውጭ ያዝጓቸዋል። የፍሬን ዘይትም በስሙ ዘይት ይባል እንጂ ከአየር እርጥበት የሚስብ ፈሳሽ ነው። ዶት 4 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲይዝ ግን የሚጠበቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቱቦው ጋር ፈሳሹንም እንለውጣለን።

ለምትክ የሚመረጠው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው፤ ዝገትን ይቋቋማል፣ በቀላሉም ይታጠፋል። ንጹሕ መዳብ ግን ንዝረት ሲበዛበት ደድሮ ሊሰነጠቅ ይችላል። አሮጌውን ቱቦ እንደ ንድፍ ይዘን አዲሱን በልኩ እናጥፋለን።

ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። ፈሳሽ እምብዛም አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። በመስመሩ ውስጥ አረፋ ከቀረ የእግራችን ኃይል አረፋውን በመጭመቅ ይባክናል። አየሩን አስወጥተን፣ ፔዳሉን አጥብቀን ረግጠን መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እንመርምር፤ በባለሙያም እናስፈትሽ። ፔዳሉ ጠንክሮ እስካልቆመ ድረስ መኪናይቱ ከግቢ መውጣት የለባትም።