ከጎመን ቅጠል ሥር ያለው «ኤሊየን»



ፈተና ባለቀ ማግሥት ዶርም ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስቦ ፊልም ማየት የተለመደ ነው። ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጡራን የሚተርኩት ፊልሞች ደግሞ ብዙ ተመልካች አላቸው። ሁሌም ታዲያ አንዱ «ይህን ከየት አምጥተው አሰቡት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ደግሞ «የፈረንጅ ጭንቅላት እኮ!» ብሎ ያደንቃል። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ አብዛኛውን ያመጡት ከዚሁ ከምድር፣ አላህ (ሱ.ወ.) ከፈጠራቸው እንስሳት ነው። ከሁሉም አስፈሪ የተባለው ፍጡር የሚመስለው ደግሞ ለገጣፎ ጓሮ ውስጥ ጎመን ላይ አለ። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድምፁ የበቅሎ፣ አካሄዱ የዝሆን

በ1977 የወጣውን የመጀመሪያውን «ስታር ዋርስ» እንውሰድ። የበረሃው ትዕይንት በከፊል የተቀረጸው በቱኒዚያ ነው። በፊልሙ ውስጥ የአሸዋ ሰዎች የሚጋልቡት ባንታ የተባለ ባለ ቀንድ ግዙፍ እንስሳ ይታያል። ባንታ ማለት ፀጉርና ቀንድ ያለው ልብስ የለበሰች አንዲት የእስያ ዝሆን ናት። ጋላቢዎቹ የሚያሰሙት ያ የሚያስደነግጥ ጩኸት ደግሞ የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት ከበቅሎ ጩኸት የሠራው ነው። ጠዋት ጠዋት ከለገጣፎና ከሰበታ መንገዶች የምንሰማው ድምፅ ስልት ተቀይሮ ሲቀርብልን «የሌላ ፕላኔት ቋንቋ» መስሎን ኖሯል።

በዚያው ፊልም ውስጥ ያለው ጸጉራሙ ቹባካ ሐሳቡ የመጣው ከዳይሬክተሩ ከጆርጅ ሉካስ ትልቅ ውሻ ነው፤ ድምፁ በአብዛኛው የድብ ነው። በ1980 በወጣው ተከታይ ፊልም ደግሞ በበረዶ ላይ የሚራመዱትን ባለ አራት እግር የጦር ማሽኖች ለማንቀሳቀስ ባለሙያዎቹ የዝሆን አረማመድን አጥንተዋል።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። የ1987ቱ «ፕሬዳተር» አፉ ዙሪያ ያሉት ተከፋች መንጋጋዎች የነፍሳትን አፍ የሚመስሉ ናቸው። «አራይቫል» (2016) ውስጥ ያሉት ባለ ሰባት እግር እንግዶች ኦክቶፐስን ይመስላሉ፤ የሚጽፉትም እንደ ኦክቶፐስ ቀለም እየረጩ ነው። በ2021 የወጣው «ዱን» ላይ ያለው የአሸዋ ትል አፉ የተቀረጸው ከዓሣ ነባሪ በመነሣት ነው። አንዳንድ ዓሣ ነባሪዎች በጥርስ ፋንታ እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ ማጣሪያ አላቸውና።

ፊልሙን የቀደመው ዓሣ

በ1979 ሪድሊ ስኮት ያዘጋጀው «ኤሊየን» ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። (ትዕይንቱ ዘግናኝ ስለሆነ እዩት ብለን መጋበዛችን አይደለም፤ የሰማው ሰው ብዙ ስለሆነ እንጂ።) የስዊዘርላንዱ ሠዓሊ ጊገር የነደፈው ይህ ፍጡር ከአፉ ውስጥ ሌላ ጥርሳም አፍ ብቅ ይላል። ተመልካቹ «ይህስ በፍጹም የትም የለም» ብሎ ነበር። በ2007 ግን ሁለት ተመራማሪዎች ሞሬይ የሚባለውን እባብ መሳይ ዓሣ አጥንተው ያገኙትን አሳተሙ። ይህ ዓሣ በፊት ጥርሱ ከያዘ በኋላ፣ ከጉሮሮው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ ወደ ፊት ወጥቶ ምግቡን ነክሶ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ሠዓሊው የፈጠረ የመሰለውን ነገር አላህ ቀድሞ ፈጥሮት፣ በባሕር ውስጥ ሲኖር ቆይቷል።

በ1986 የወጣው ተከታዩ «ኤሊየንስ» ደግሞ እንደ ንብና እንደ ጉንዳን ንግሥት ያላት፣ ንግሥቲቱ ብቻ እንቁላል የምትጥልበት መንጋ አሳየ። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአገራችን ምሥራቃዊ ቆላ ከመሬት ሥር የሚኖር ፀጉር አልባ ፍልፈል አለ። አጥቢ እንስሳ ሆኖ ሳለ እንደ ጉንዳን በአንዲት ንግሥት ሥር ይኖራል፤ የምትወልደው እሷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ይቆፍራሉ፣ ይጠብቃሉ። ጀርመናዊው ሩፔል በ1842 ይህን እንስሳ ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ መነሻ የሆነው ናሙና ከሸዋ የተገኘ ነው።

ክሽክሽ ላይ የሚደርሰው

የ«ኤሊየን» ዋናው ፍርሃት ግን ጥርሱ አይደለም። ፍጡሩ በሰው ሰውነት ውስጥ ዘሩን ያኖራል፤ ዘሩም ከውስጥ አድጎ ደረት ሰንጥቆ ይወጣል። ይህ የሕይወት ዑደት የጥገኛ ተርቦች ዑደት ነው። ተርብ ስንል የሚነድፈውን ትልቁን ብቻ ማሰብ የለብንም። ከእነዚህ ጥገኛ ተርቦች ብዙዎቹ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ፣ ሰውን የማይነኩ ናቸው።

በለገጣፎ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ጓሮ ጎመን ካለ፣ ክሽክሽ የያዘውን ቅጠል ገልብጡ። ከግራጫዎቹ ክሽክሾች መካከል አንዳንዶቹ አብጠው፣ ቡናማ ሆነው፣ ደርቀው ከቅጠሉ ጋር ተጣብቀው ልታገኙ ትችላላችሁ። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ጀርባቸው ላይ በመርፌ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ አለ። ታሪኩ ይህ ነው፦ ተርቧ ክሽክሹ ውስጥ አንድ እንቁላል ጣለች፤ እጩ ከውስጥ እየበላ አደገ፤ ክሽክሹ ቅርፊት ብቻ ሆኖ ቀረ፤ አዲሱ ተርብም ቅርፊቱን ቆርጦ በረረ። ፊልሙ ሚሊዮኖች ወጥተውበት ያሳየን ነገር በአንድ የጎመን ቅጠል ላይ በነጻ ይታያል።

ትልን የሚያጠቁት ተርቦች ደግሞ ከዚህም ይልቃሉ። ኮቴሲያ የተባለው ወገን ከእንቁላሉ ጋር አብሮ የትሉን የመከላከል አቅም የሚያዳክም ቫይረስ ይከትባል። እንዲህ ያለውን ነገር የፊልሙ ጸሐፊዎች እንኳ አላሰቡትም።

ጭካኔ ወይስ ጥበብ?

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ቻርልስ ዳርዊን በ1860 ለአሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ለኤሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቸርና ሁሉን ቻይ የሆነ አምላክ እነዚህን ተርቦች ሆን ብሎ ፈጥሯል ብሎ ራሱን ማሳመን እንዳቃተው ገልጿል። ይህን ደብዳቤ በባዮሎጂ ክፍል ወይም በኢንተርኔት ያገኘ ሙስሊም ተማሪ ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም።

መልሱን ከበቆሎ ማሳ እንጀምር። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2017 ወደ አገራችን ገብቶ የገበሬውን በቆሎ በላ።  ሆኖም በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ማሳዎች ባደረጉት አሰሳ ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች አገር በቀል ተርብ ትሉን እያጠቃች አገኟት። ከተሰበሰቡት ትሎች እንደየቦታው ከ34 እስከ 45 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የእሷ እጭ ውስጣቸው ነበር። ዳርዊን ያየው የትሉን ስቃይ ነው። የገበሬውን ልጆች ራት አብሮ ያየ ሰው ግን በዚያችው ተርብ ውስጥ እዝነትንም ያያል። ይህ ማለት የእያንዳንዱን ፍጡር ጥበብ አወቅን ማለት አይደለም፤ ዕውቀታችን ትንሽ ነው። ነገር ግን ካየነው ቁራጭ ተነስቶ በሙሉው ላይ መፍረድ እንደማይገባ ያስተምረናል።

ሙስሊም ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ገና ድሮ አንስተውታል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የበስራው አል-ጃሒዝ «ኪታቡል ሐየዋን» በተባለው ሰፊ ሥራው እንስሳት አንዱ ሌላውን እየበላ እንደሚኖር፣ ደካማው ከእሱ የደከመውን እንደሚያድን ጽፏል። ይህንንም ያቀረበው የፈጣሪን ጥበብ ማሳያ አድርጎ ነው። በ1283 ያረፈው አል-ቀዝዊኒ ደግሞ ስለ ፍጥረታት አስደናቂነት በጻፈው መጽሐፉ ከታወቁት እንስሳት ጎን ስለ ሩቅ ደሴቶች እንግዳ ፍጡራን የሚነገረውንም ሰብስቧል። እነዚያ እንግዳ ፍጡራን ብዙውን ጊዜ የአንዱ ራስ በሌላው አካል ላይ የተቀመጠባቸው ናቸው። የሰው ምናብ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም በሆሊውድም የሚሠራው በአንድ መንገድ ነው፦ ያለውን ይቀጣጥላል።

እኛስ ምን እንያዝ?

ከአላህ ስሞች አንዱ አል-በዲዕ ነው፤ ያለ ቀድሞ ምሳሌ ፈጣሪ ማለት ነው። የፊልም ባለሙያ ያለ ምሳሌ መሥራት አይችልም፤ ዝሆን፣ በቅሎ፣ ተርብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ስክሪን ላይ ያለው ፍጡር ሲያስደንቀን አድናቆቱን ወደ ባለቤቱ እንመልሰው። ከምድር ውጭ ሕይወት ቢገኝስ ለሚል ወንድምም ሱረቱ ሹራ አንቀጽ 29ን ከነተፍሲሩ እንዲያነብ እንጠቁማለን፤ ዑለማዎች የሰጡትን የተለያየ ማብራሪያ ያገኛል።

ቁርአን በንብ፣ በጉንዳን፣ በሸረሪት፣ በዝሆን ስም ሱራዎች አሉት። ሱረቱል ጋሺያም የጋበዘን ግመልን እንድንመለከት ነው። ግብዣው ሩቅ ወዳለ ነገር ሳይሆን አጠገባችን ወዳለው መሆኑን ልብ እንበል።

በተግባር ደግሞ በተለይ የግብርናና የባዮሎጂ ተማሪዎች አንድ ሥራ አላችሁ። ክሽክሽ ወይም ተምች ሲታይ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው እርምጃ ሁሉንም የሚገድል መርጨት ነው። መርጩ ተርቧንም ይገድላል፤ ተባዩ ግን ቶሎ ተራብቶ ይመለሳል፣ ያኔ የሚያቆመው የለም። ለእረፍት ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ ከመረጨቱ በፊት ቅጠሉን ገልብጡ፤ ያበጡትን ቡናማ ክሽክሾች ካያችሁ ለአባታችሁና ለእናታችሁ አሳዩአቸው፣ ሥራዋን የጀመረች ሌላ ሠራተኛ እንዳለች ንገሯቸው። የተማርነውን ለቤተሰብ ማድረስም ሰደቃ ነው፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።