ዲከረንስ ያዋጣል ወይስ ሩጫ? የአዊ ጀማሪ አትሌት የገበያ ዕድል ሲሰላ

በአዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማና በአካባቢው፣ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ የማያውቅ ገበሬ የለም። ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይተክላል። ጤፉን አጭዶ ከወቃ በኋላ አራትና አምስት ዓመት ጠብቆ ዛፉን ይቆርጣል፣ እዚያው ማሳው ላይ አክስሎ ለነጋዴ ይሸጣል። ከሰሉ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ገበሬው ምን እንዳወጣ፣ መቼ እንደሚሸጥና ለማን እንደሚሸጥ ያውቀዋል። በቅርብ ዓመታት የገባው የዝገት በሽታ ስሌቱን አዛባበት እንጂ ሒሳቡ ከእጁ የወጣ አልነበረም።

ሰውን ከዛፍ ጋር ማነጻጸር ነውር አይሁንብንና፣ በዚሁ ዞን ብዙ ዓመት የሚጠበቅ ሌላም መዋዕለ ንዋይ አለ። ይኸውም ሩጫ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው እንጅባራም ሆነ ከእርሷ ዝቅ ባለችው ዳንግላ፣ አንድ ወጣት አትሌት ልሁን ብሎ ሲነሳ ቤተሰቡ ከእርሻ ሥራ ነፃ ያደርገዋል፣ ይቀልበዋል፣ ጫማ ይገዛለታል። አቅም ከሌለው በሬም ቢሆን ይሸጥለታል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ወጪው ጫማውና ቀለቡ ብቻ አይደለም፤ ወጣቱ በእነዚያ ዓመታት ሊሠራው ሲችል ያልሠራው ሥራና ያልተማረው ትምህርትም ዋጋ አለው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ያዋጣል? ገዥውስ ማን ነው? ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው?

ከቲሊሊ የተነሳው ምስክር

ገበያው መኖሩን ለማረጋገጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በቲሊሊ የተወለደው የኔው አላምረው እ.ኤ.አ. በ2011 ዶሃ ላይ 3,000 ሜትርን በ7 ደቂቃ ከ27.26 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በ5,000 ሜትር የዳይመንድ ሊግ የዓመቱ አጠቃላይ አሸናፊ ሆነ። የዚያ ሽልማት 40,000 ዶላር ሲሆን፣ በጊዜው ምንዛሪ 750 ሺህ ብር ያህል ይመጣ ነበር። ወጣቶቻችን የሚያዩት ይህንን ነው፤ ማየታቸውም አይፈረድም።

ይሁን እንጂ ስለ ገበያው ጠባይ ይበልጥ የሚያስተምረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ፓሪስ ላይ የተካሄደው የ5,000 ሜትር ውድድር ነው። የኔው ርቀቱን በ12 ደቂቃ ከ48.77 ሰከንድ ጨረሰ። ይህ በሕይወቱ የሮጠው ፈጣኑ ሰዓት ነው። የወጣው ግን አራተኛ ነበር። ደጀን ገብረመስቀል በ12:46.81 አንደኛ፣ ሐጎስ ገብረሕይወት በ12:47.53 ሁለተኛ፣ ኬንያዊው አይዛያ ኮይች በ12:48.64 ሦስተኛ ወጡ። በወቅቱ በዳይመንድ ሊግ ለአንደኛ 10,000፣ ለሁለተኛ 6,000፣ ለሦስተኛ 4,000፣ ለአራተኛ 3,000 ዶላር ይከፈል ነበር። በመሆኑም ሁለት ሰከንድ የማይሞላ ልዩነት 7,000 ዶላር አሳጣ ማለት ነው። ጤፍ ሻጭ አንድ ኪሎ ቢጎድልበት የአንድ ኪሎ ዋጋ ነው የሚያጣው። በሩጫ ገበያ ግን ትንሽ ጉድለት ትልቅ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል።

በኦሎምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ሌላ ማነቆ አለ፤ አንድ አገር በአንድ ርቀት በመደበኛው ደንብ የሚያሰልፈው ሦስት ሰው ነው። በ5,000 ሜትር አራተኛ የሆነ ኢትዮጵያዊ በሌላ አገር ማልያ ቢሆን አንደኛ ተመራጭ ይሆን ነበር። አቅርቦቱ እዚሁ አገር ቤት ከፍላጎቱ በልጧል። የአዊው ጀማሪ የሚፎካከረው ከኬንያዊው በፊት ከአርሲው፣ ከትግራዩ፣ ከሸዋውና ከጉራጌው ጋር ነው።

የአሜሪካው ጀማሪ እንዴት ይቀጠራል?

ገበያችን ምን እንደሚጎድለው ለማየት የሌላውን አገር መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ ፉትቦል ኦፌንሲቭ ላይንማን የሚባሉ ግዙፍ ተጫዋቾች አሉ። አምስት ሆነው ከፊት ይሰለፉና ኳስ ወርዋሪውን ከተቃራኒ ቡድን ይከልሉታል። እነርሱ ኳስ አይዙም፣ ነጥብ የሚያስቆጥሩትም ከስንት አንዴ ነው። ስማቸው የሚጠራው ሲሳሳቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንጀራቸው ሌላው እንዲያበራ ማድረግ ነው።

በፕሮፌሽናል ሊጉ 32 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱ 53 ተጫዋች ይይዛል። ከእነዚህ ውስጥ ላይንማኖቹ በአብዛኛው ከ8 እስከ 10 ስለሚሆኑ በመላው ሊጉ ያለው የሥራ ቦታ ከ256 እስከ 320 ነው። ጀማሪዎች በየዓመቱ በሰባት ዙር ይመረጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረጡት 257 ነበሩ፣ ይህም በሁሉም የሜዳ ቦታ ተደምሮ ነው። የተመረጠው የአራት ዓመት ውል ይፈርማል። ቡድኑ ውስጥ ከቆየ በ2025 የውድድር ዘመን ከ840,000 ዶላር በታች ሊከፈለው አይችልም። ይህ የሆነው በቡድን ባለቤቶች ቸርነት ሳይሆን የተጫዋቾች ማኅበር ተደራድሮ ስላስፈረመ ነው። ሦስት የውድድር ዘመን ያገለገለ ጡረታም ይኖረዋል።

እዚያም ቢሆን ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም። ስሙ የእኛው የሆነው የእንግሊዝ ተወላጅ ሜነሊክ ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ2013 በሁለተኛው ዙር፣ በ42ኛ ተራ፣ በኦክላንድ ሬይደርስ ተመረጠ። በ2015 የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ የውድድር ዘመኑ በሙሉ አመለጠው፤ በ2017 ወደ ዴንቨር ቡድን ተዛውሮም ጉዳት አልለቀቀውም። ጀማሪ ቡድኑ ሳይፈልገው ሲቀር ሊባረር ይችላል። ነገር ግን ከፊርማው ቀን ጀምሮ የሚያገኘውንና የሚያጣውን በጽሑፍ ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

መሀል ላይ ያለው እንጀራ፦ አሯሯጭ

በእኛ የሩጫ ገበያ ከዚህ ላይንማን ጋር የሚመሳሰል ሥራ አለ፤ እርሱም አሯሯጭነት ነው። የውድድር አዘጋጅ ፈጣን ሰዓት ይፈልጋል፤ ፈጣን ሰዓት ተመልካችና ስፖንሰር ያመጣልና። ስለዚህ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን የሚጠብቅና ነፋስ የሚከላከል ሰው ይቀጥራል። በ5,000 ሜትር ሁለት አሯሯጭ ማሰለፍ የተለመደ ነው፤ አንደኛው 2,000 ሜትር አካባቢ ሲወጣ ሌላው እስከ 3,000 ይቀጥላል። ክፍያው በገበያ የሚለጠፍ ዋጋ ሳይሆን በድርድር የሚቆረጥ ነው። የታዘዘውን ሰዓት ጠብቆ እስከታዘዘበት ድረስ ያደረሰ የተስማማውን ይቀበላል።

ሥራው የደካማ ሥራ እንዳይመስል። የየኔውን የፓሪስ ሰዓት ብንወስድ በአንድ ዙር 61.5 ሰከንድ ገደማ ነው። ይህን ፍጥነት እስከ 3,000 ሜትር የሚያስጠብቅ ሰው ርቀቱን በ7 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሳይንገዳገድ መሮጥ አለበት። ይህም በራሱ የዓለም አቀፍ ሯጭ አቅም ነው።

የመንደር ሰው አሯሯጭን «ያልቻለ» አድርጎ ሲያይ ይስተዋላል። ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። ፖል ፒልኪንግተን እ.ኤ.አ. በ1994 በሎስ አንጀለስ ማራቶን አሯሯጭ ሆኖ ተቀጥሮ ማንም ስላልተከተለው ቀጥሎ አሸነፈ፤ 27,000 ዶላርና አንድ መርሴዲስ መኪናም ወሰደ። ኬንያዊው ሳይመን ቢዎት እ.ኤ.አ. በ2000 የበርሊን ማራቶንን ያሸነፈው በአሯሯጭነት ገብቶ ነው። ከእኛም ሰለሞን ባረጋ እ.ኤ.አ. በ2019 ቪየና ላይ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች ሲሮጥ ከ41ዱ አሯሯጮች አንዱ ነበር። ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ ቆይቶ በቶኪዮ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ አጠለቀ።

እርግጥ ይህም ገበያ እየተለወጠ ነው። ከ2020 ወዲህ በትልልቅ ውድድሮች በመሮጫው ጠርዝ ላይ ፍጥነት የሚያሳዩ መብራቶች ተስፋፍተዋል። መብራት ደመወዝ አይጠይቅም፣ አይደክምም። ነፋስ መከለል ግን አይችልም። በመሆኑም አሯሯጩ ከገበያ አልወጣም።

ከዚህ በተጨማሪ መሀል ላይ የሚገኙ ሌሎች እንጀራዎች አሉ። የመከላከያው መቻል፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ፌዴራል ማረሚያ ቤቶችና ሌሎች ክለቦች ለአትሌቶቻቸው ወርኃዊ ደመወዝ ይከፍላሉ። በአውሮፓና በእስያ ደግሞ ብዙ ወሬ የማይነገርላቸው የጎዳና ሩጫዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ስሙ ያልታወቀ ወጣት በማናጀሮች ዓይን ውስጥ የሚገባበት አደባባይ ነው።

10,000 ዶላር ሲመነዘር ስንት ይሆናል?

አባት «ልጄ አሥር ሺህ ዶላር በላ» ሲባል ሙሉውን በብር ያባዛዋል። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይደለም። ውድድሩ አሜሪካ ከሆነ ነዋሪ ካልሆነ አትሌት ሽልማት ላይ በመደበኛው አሠራር 30 በመቶ ግብር በቅድሚያ ይቀነሳል፤ ይህ 3,000 ዶላር ነው። የማናጀሩ ኮሚሽን 15 በመቶ ነው ብንል 1,500 ዶላር ይሄዳል። ቀሪው 5,500 ዶላር ነው። የአሠልጣኝ ድርሻ፣ የአዲስ አበባ ቤት ኪራይና ምግብ የሚወጡት ከዚህ ላይ ነው።

በሌላ በኩል ምንዛሪው ለሯጩ አግዞታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት ይህ ገንዘብ በባንክ ዋጋ በ57 ብር ሒሳብ 313,500 ብር ነበር። ዶላር 100 ብር ሲሻገር ከ550,000 ብር በላይ ሆነ። ነገር ግን ያው ምንዛሪ ገና ምንም ያላገኘውን ጀማሪ ይጎዳዋል። ዛሬ ውድድር የሚሮጥበት የካርቦን ሶል ያለው ጫማ በውጭ አገር ከ200 ዶላር በላይ ይሸጣል። ወጪው በዶላር፣ የቤተሰቡ ገቢ በድንችና በከሰል ነው።

በዚህ ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተከሰተው ግጭት አለ። መንገድ ሲዘጋ ከሰሉ ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ውድድር የሚሄደውም ወጣት ይቆማል። አንድ የውድድር ዘመን ያመለጠው የ18 ዓመት ልጅ መልሶ 18 ዓመት አይሆንለትም።

ቤተሰብ ምን ይጠይቅ?

ከላይ የቀረበው ሁሉ ተጠቃሎ ሲታይ ዕድሉ አለ፣ ግን መታሰብ ያለበት በአሸናፊው ገቢ ሳይሆን በመሀለኛው ገቢ ነው። ዲከረንስ የሚተክል ገበሬ ከመንደሩ ከሁሉ የበለጠውን ማሳ ምርት አስቦ ብድር አይገባም። ለሯጭም እንዲሁ ነው። ልጁ ክለብ ገብቶ ደመወዝ ቢያገኝ፣ አልፎ አልፎ ቢያሯሩጥ፣ በዓመት አንድ ሁለት የጎዳና ሩጫ ቢያገኝ ወጪውን ይመልሳል ወይ? መልሱ አዎን ከሆነ ይቀጥል። ወርቅ ካላመጣ በቀር አይመልስም የሚባል ከሆነ ግን ያ መዋዕለ ንዋይ ሳይሆን ሎተሪ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ውልን ይመለከታል። የአሜሪካው ጀማሪ ማኅበር አለው፤ የእኛው ያለው ፊርማው ብቻ ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የሚከተሉት ይጠየቁ። ማናጀሩ በዓለም አትሌቲክስ ፈቃድ ያለው ነው? ኮሚሽኑ ስንት በመቶ ነው፣ የሚታሰበውስ ከግብር በፊት ነው ከግብር በኋላ? ልጁ ቢጎዳ የሚያሳክመው ማን ነው? ፓስፖርቱ በማን እጅ ይቀመጣል? ውሉ በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ አንድ ቅጂ ደርሶታል? «ኋላ እንነጋገራለን» የሚል መልስ እንደ እምቢታ ይቆጠር።

ሦስተኛው ትምህርት ነው። ጅማት ይበጠሳል፣ ሰዓት አልመጣ ይላል፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት ግን አይበጠስም። ወጣቱ በየትኛው ዓመት በየትኛው ሰዓት ካልደረሰ ወደ ሌላ ሥራ እንደሚዞር ቤተሰቡ ከአሠልጣኙ ጋር አስቀድሞ ይወስን። ገበሬው ዛፉ በአራተኛው ዓመት ካልወፈረ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በሬ ከመሸጡ በፊት ለልጁም እንዲህ ያለ ቀን ቢቆርጥ፣ ኪሳራ ቢመጣ እንኳ ልኩ የታወቀ ይሆናል።