ያውቁ ኖሯል? የእርያ አደንና ሥርዓተ ስንብቱ
በጀርመን አገር በበረዶው ወራት የዱር እርያ ለማደን በመሪ ታጅቦ የሚሄድ እንግዳ፣ ውሾችና ነጂዎች አውሬውን ከጥሻው እስኪያስወጡለት ድረስ፣ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ ከተመደበለት ማማ ንቅንቅ ሳይል ይቆያል። ሲመሽም ግዳዩ ሁሉ በጥድ ዝንጣፊ ላይ በቀኝ ጎኑ ይጋደማል፤ ለምለም ቅጠል እንደ መጨረሻ ጉርሻ በአፉ ይደረግለታል፤ ቀንደ መለከትም ለየአውሬው ወገን በተለየ ዜማ ይነፋለታል፤ ከተኩሱ ይልቅ የሚደነቀውስ ይህ ሥርዓተ ስንብት ነው። የእርያው ሥጋ ግን ትሪኪኔላ ለተባለው ጥገኛ ትል ሳይመረመር አይበላም፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ከቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ የተነሣው የጨረር ብናኝ ባረፈባቸው የባቫሪያ ደኖችም፣ እርያው ከመሬት ቆፍሮ በሚበላው እንጉዳይ ሳቢያ፣ በኪሎ ከ600 ቤክሬል (የጨረር መለኪያ) በላይ ጨረር አመንጪ ሲዚየም የተገኘበት ሥጋ ዛሬም ለገበያ አይቀርብም።