ምዕራፍ 4፦ የዘበኛው ደብተር

«በአምስት ደቂቃ ይጫናል» የሚል መመሪያ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። መጫኑማ ይጫናል። የድረ ገጽ ጎብኚ የሚቆጥረውን ማቶሞን ሰርቨሩ ላይ ዘርግታችሁ፣ ማይኤስኪውኤል ላይ ዳታቤዝ ከፍታችሁ፣ ከብራውዘር «ቀጥል» እያላችሁ ትጨርሳላችሁ። ዶሜይኑን፣ ኤስኤስኤሉን ምኑን አልነካካውም። የሚያናድደኝ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣውን ማንም አለመናገሩ ነው።

ድረ ገጻችሁ ግቢ ነው እንበል፤ አናሊቲክስ የበሩ ዘበኛ ነው፤ የገባውን ሁሉ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ዘበኛ በነጻ ይልካል፤ ደብተሩ ግን የሚያድረው እሱ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፒዊክ ተብሎ የተጀመረው፣ በ2018 ስሙን የቀየረው ማቶሞ ደግሞ «ዘበኛውን ራሳችሁ ቅጠሩ» ይላል። የቀጠረ ማደሪያ ይሰጣል። 1 ጊጋባይት ራም ያላት ሰርቨር የቆርቆሮ ማማ ናት፤ ለመቀመጥ ትበቃለች። ዘበኛው ደብተሩን ልደምር ብሎ ወረቀቱን ወለል ላይ ሲዘረጋ ግን እግር ማስገቢያ ይጠፋል። ስዋፕ ፋይል በረንዳው ነው፤ የተረፈው ወረቀት እዚያ ይወጣል፣ ዘበኛው ይመላለሳል፣ ሥራው ይንቀራፈፋል፣ ዝናብ ከመጣ ደግሞ... አይ፣ ስዋፕ ላይስ ዝናብ አይዘንብም።

አንዲት የምግብ አሠራር ድረ ገጽ ያላቸው እናት ደንበኛዬ ነበሩ። ማቶሞን ከድረ ገጹ ጋር አንዲት ማማ ውስጥ አጎርኩት። ቅዳም ሹር ከሰዓት፣ ቁሌቱ እሳት ላይ እያለ አገሩ በሙሉ የዶሮ ወጥ ገጻቸውን ይከፍታል። እሳቸውም ደስ ብሏቸው የወሩን ሪፖርት በስልካቸው ከፈቱ። ማቶሞ ካልከለከሉት የሚደምረው ሪፖርት ሲከፈት ነው። ራሙ አለቀ፤ ሊኑክስ ብዙ የያዘውን መርጦ ገደለ፤ የተገደለው ማይኤስኪውኤል ነበር። ዶሮ ወጡም አብሮ ሄደ።

«ልጄ፣ ገጼን ምን አስነካኸው?»

ጥፋቱ የኔው ነው። ከብራውዘር የሚነሳውን ድምር ዘጋሁ፣ በክሮን በየሰዓቱ እንዲደመር አደረግሁ፣ 1 ጊጋባይት ስዋፕ ጨመርኩ፣ ከስድስት ወር ያለፈው ጥሬ መዝገብ በራሱ እንዲሰረዝ አዘዝኩ። ከዚያ ወዲህ አልወደቀም።

የትኛው ገጽ እንደተነበበ ማወቅ ብቻ ከበቃችሁ ግን ማቶሞንም ተዉት። ጎትካውንተር አንድ ፋይል ነው፤ ኤስኪውላይት አብሮት ስላለ ሌላ ዳታቤዝ አይጠይቅም።

«ስንት ሰው ገባ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ደግሞ የቆየ ጠብ አለኝ። ጎትካውንተር ያለ ኩኪ፣ በአይፒ አድራሻና በብራውዘር ዓይነት ነው የሚለየው። በሞባይል ዳታ የሚገቡ ብዙ ስልኮች አንድ አይፒ ይጋራሉ፤ ስልካቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ሰው ሆነው ሊያርፉ ይችላሉ። ከዋይፋይ ወደ ዳታ የተሻገረ አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ይሆናል። ይህን ለእኚያ እናት ባስረዳቸው «እሺ፣ ግን ስንት ሰው ነው?» አሉኝ።