የቢሾፍቱ ዓሦች በብርድ ወራት ለምን ይንሳፈፋሉ?

በቢሾፍቱ ከተማ ሐይቆች ዳር፣ በአንዳንድ ዓመት በኅዳርና በጥር መካከል፣ ማለዳ ላይ ብዙ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ ይገኛል። ከሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ምክንያት አንድ ነው፤ ውኃው ተመርዟል ይባላል። ይህ ጥርጣሬ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የወቅቶች መፈራረቅ ነው። ይህን ለተማሪዎቻችን ለማስረዳት ውድ መሣሪያ አያስፈልገንም።

ለምሳሌ ባቦጋያን እንውሰድ። ይህ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ነው። ስፋቱ ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ 65 ሜትር ያህል ይደርሳል። ፕሮሰር፣ ዉድና ባክስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ቢሾፍቱ ሐይቆች ጥልቀትና ኬሚካላዊ ይዘት ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትመዋል፤ የሐይቆቹ ሙቀት በየወቅቱ የሚለዋወጥበትም ሁኔታ በኋላ ተጠንቷል። ሐይቁን ከሌላ ውኃ ጋር የሚያገናኘው ወንዝ ስለሌለ ዛሬ የሚጠመዱት ቆሮሶና አምባዛ በሰው እጅ የገቡ ናቸው። (ሐይቅ ሁሉ ዓሣ አለው ማለት አይደለም፤ በአቅራቢያው የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ ሶዳው ስለበዛ መረብ ይዞ የሚወርድበት የለም።)

ጥልቅና ጠባብ፣ ዙሪያውንም በገደል የታጠረ ውኃ ነፋስ እንደ ልብ አያማስለውም። በመሆኑም ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛው ውኃ ቀላል ሆኖ ከላይ ይቀራል፤ ቀዝቃዛው ከታች ይተኛል። በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ትንሽ ልዩነት እንዴት ሁለቱን ለይቶ ያቆያል? ምስጢሩ በውኃ እፍግታ ላይ ነው። ውኃ ከ4 ወደ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የአንድ ሊትሩ ክብደት የሚቀንሰው በ0.008 ግራም ያህል ነው፤ ከ24 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ ግን በ0.25 ግራም ያህል ይቀንሳል። ይኸውም 30 እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። በሞቃት አገር ሐይቅ ውስጥ አንዲት ዲግሪ ብዙ ዋጋ አላት።

የታችኛው ውኃ ለወራት ከአየር ጋር ሳይገናኝ ይቆያል። ከላይ የሞተው ዋቅላሚና ቆሻሻ ሁሉ ወደ እርሱ ይሰጥማል፤ ሲበሰብስም ኦክሲጅኑን ይጨርሳል። በመጨረሻ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይፈጠራል። ዓሣው ይህን ውኃ ይሸሻል እንጂ አይኖርበትም። ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ የላይኛው ውኃም በርዶ ከታችኛው ጋር በክብደት ይቀራረባል። በዚያን ጊዜ አንድ የነፋስ ሌሊት ብቻ ይበቃል፤ የታችኛው ወደ ላይ ወጥቶ ይደባለቃል። በ1900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ ውኃው መያዝ የሚችለው ኦክሲጅን መጀመሪያውኑ በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ያነሰ ነው። ቆሮሶው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ ሲያጣጥር ይታያል። በእጅ የሚያዝ ዓሣ ለጀማሪ አጥማጅ ሲሳይ ይመስለዋል፤ ነባሩ ግን መረቡን ይሰበስባል።

ይህ ከሆነ መርዝ መሆን አለመሆኑን በምን እንለያለን? አንዱ ፍንጭ የሞተው ዓሣ ዓይነት ነው። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር በቀጥታ የሚተነፍስበት አካል ስላለው የኦክሲጅን እጥረትን ከቆሮሶ ይልቅ ይቋቋማል። ቆሮሶው ብቻውን አልቆ አምባዛው ከተረፈ ጥርጣሬያችን ወደ ውኃው መገላበጥ ያዘነብላል፤ አምባዛውም እንቁራሪቱም አብረው ከሞቱ ግን ነገሩ ሌላ ነውና ውኃው በቤተ ሙከራ መመርመር አለበት። ፍንጩ የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም። የብርድ ወራቱ ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጥምና ያን ጊዜ ዓሣ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ፣ ተንሳፍፎ የተገኘ ዓሣ ለገበያም ለድስትም እንዳይውል ተማሪዎች ለወላጆቻቸው ቢነግሩ መልካም ነው። በምን እንደሞተ በዓይን አይታወቅም።

ከተማው ንጹሕ ነው ማለታችንም አይደለም። ከየቤቱና ከየሆቴሉ የሚወርደው ፍሳሽ ዋቅላሚውን ይመግበዋል፤ ዋቅላሚው በበዛ ቁጥር ከታች የሚበሰብሰው ይበዛል፤ የታኅሣሡም ዕዳ በዚያው ልክ ይከብዳል።

በሌሎቹ ወራት አጥማጁ ከዚሁ ሕግ ጋር ይኖራል። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ መንጠቆን አርቆ ማስጠም ከንቱ ድካም ነው፤ ዓሣው ያለው ኦክሲጅን ባለበት በላይኛው ውኃና በዳር ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ዳሩን ያደፈርሰዋል፤ አምባዛ በድፍርስና በጨለማ የሚያድን ስለሆነ የሌሊት መንጠቆ ያን ጊዜ ይቀናዋል። ቆሮሶ በበኩሉ ጥልቀት በሌለው ዳር ይራባል። እንስቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ ስለምትይዝ በዚያን ጊዜ እምብዛም ምግብ አትነካም፤ መንጠቆ ያልፋታል፤ መረብ ግን አያልፋትም። በዳር ዳር የሚዘረጋ ጠባብ ዓይን መረብ የሚጠላው በዚህ ምክንያት ነው።

ለክፍል ትምህርት አንድ ብርጭቆ በግማሽ ቀዝቃዛ ውኃ ይሞላ፤ በላዩ ላይ ስኳር የሌለው ትኩስ ሻይ በማንኪያ ጀርባ በቀስታ ይፍሰስበት። ሻይው ከላይ ተለይቶ ይቀመጣል፤ በአፍ እፍ ቢባልበትም ቶሎ አይደባለቅም። በሌላ ብርጭቆ ደግሞ የቀዘቀዘ ሻይ በተመሳሳይ መንገድ ይጨመር። ከሰልጣኞቻችን ጋር ስንሞክረው ስኳር ያለበት ሻይ ስለሚከብድ ፈተናውን ያበላሻል።

ሐይቁ ላይ ለመለካት የሚፈልግ ትምህርት ቤት ከአጥማጆች ጋር በጀልባ ይውጣ፤ ዳሩ በድንገት ስለሚጠልቅ ተማሪ ብቻውን አይውረድ። ድንጋይ የታሰረበት፣ በቡሽ የተደፈነ ጠርሙስ በየሜትሩ ምልክት ባለው ገመድ ይውረድ፤ ቡሹ በሌላ ክር ተስቦ ይከፈት፤ ጠርሙሱ ሲወጣ ወዲያው ቴርሞሜትር ይግባበት። አንድ ጊዜ በሚያዝያ፣ አንድ ጊዜ በታኅሣሥ ይለካ። ጠርሙሱንም ከማፍሰስ በፊት ማሽተት ነው።