ማስጠንቀቂያ የሚታመነው መቼ ነው? የባንግላዴሽ ልምድና የደርና ትምህርት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1970 የዛሬዋን ባንግላዴሽ የመታው የቦላ አውሎ ነፋስ ከ300 ሺህ የማያንሱ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ነፋሱ እየቀረበ መሆኑን ከባሕር ዳርቻው ነዋሪዎች ብዙዎቹ ሰምተው ነበር። ሆኖም የአደጋውን ክብደት የሚያስረዳቸው አላገኙም፤ የሚሸሹበት ጠንካራ ሕንፃም በአቅራቢያቸው አልነበረም።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በሜይ 2020 የአምፋን አውሎ ነፋስ ወደዚያው ዳርቻ ሲገሰግስ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወደ መጠለያ ገቡ። በአገሪቱ የሞቱት ሰዎች ቁጥር በአስሮች የሚቆጠር ነበር። የትንበያ ሳይንስ መሻሻል ለዚህ ትልቅ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ አንድ አባወራ በሌሊት ቤተሰቡን ይዞ እንዲወጣ የነጋሪውን ቃል ማመን ይኖርበታል።

ይህ እምነት በአንድ ቀን አልተገነባም። ከቦላው ጥፋት በኋላ በ1972 የተጀመረውና መንግሥት ከቀይ ጨረቃ ማኅበር ጋር የሚመራው የአውሎ ነፋስ ዝግጁነት መርሐ ግብር ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። የአደጋውን ደረጃ በባንዲራ ያሳያሉ፤ በድምፅ ማጉያ ይለፍፋሉ፤ አረጋውያንን ደግፈው ያወጣሉ። የመስጊዶች ድምፅ ማጉያም መልእክቱን ያዳርሳል። ነጋሪው የሚታወቅ ጎረቤት በመሆኑ ቃሉ ይሰማል።

በ1991 ወደ 140 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን የገደለው ሌላ አውሎ ነፋስ ግን ነጋሪ ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቷል። መጠለያዎቹ ጥቂት ነበሩ። ቤቴ ይዘረፋል፣ ከብቶቼ ያልቃሉ ብሎ የሰጋ ነበር፤ በተጨናነቀ ስፍራ ከማያውቋቸው ወንዶች ጋር ማደር የከበዳቸው ሴቶችም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በርካታ መጠለያዎች ተሠሩ፤ ብዙዎቹ በአዘቦቱ ቀን ትምህርት ቤት ናቸው። ለሴቶች የተለየ ክፍል፣ ለከብቶች ደግሞ ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ የተዘጋጀባቸውም አሉ። የነዋሪው ስጋት እንደ ግትርነት ሳይቆጠር የዕቅዱ አካል ሆነ።

የሊቢያዋ ደርና ከተማ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። በሴፕቴምበር 2023 የዳንኤል ማዕበል ባመጣው ዝናብ ከከተማይቱ በላይ የነበሩ ሁለት ግድቦች ፈርሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። ግድቦቹ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው አንድ የሊቢያ ተመራማሪ በ2022 ባሳተሙት ጥናት አስጠንቅቀው ነበር። በአደጋው ዋዜማም ለነዋሪው የደረሰው መመሪያ እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር፤ አንዱ ከቤት ውጡ ሲል ሌላው ከቤት አትውጡ ይል ነበር። በጁላይ 2024 አንድ ፍርድ ቤት በ12 የቀድሞና የወቅቱ ባለሥልጣናት ላይ የእስራት ቅጣት በይኗል። ፍርዱ ተጠያቂነትን ቢያሳይም የሞቱትን አይመልስም።

ይህ ጉዳይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችም ቅርብ ነው። በአሠሪዎቿ ቤት የምትኖር እህት ወይም በግንባታ ስፍራ የሚያድር ወንድም በማይገባው ቋንቋ የመጣን ማስጠንቀቂያ ሊያምን ቀርቶ ሊረዳ አይችልም። ስለዚህ መልእክቱን በሠራተኞች ቋንቋ ማድረስ የመንግሥታት፣ የሲቪል መከላከያን ስልክ ቁጥርና የመሰብሰቢያ ቦታን አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ የእያንዳንዱ ነዋሪ ድርሻ ነው። ሰማይ ከጠቆረ በኋላ እምነትን መገንባት ይዘገያል።